ከቡናው ሥር ያለው ችግኝ

እስቲ ዛሬ ስለ ካፋ ጫካ እንጨዋወት። በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ካፋንና ያዩን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሸካን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገባቸው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ የሰው እግር የማይረግጠው ይመስለዋል። እምብርቱ እውነትም አይነካም፤ ከሱ ቀጥሎ ባለው መከለያ ቀጠና ግን ገበሬው ቡናውን ይለቅማል፣ ኮረሪማውንና ጥምዙን ይሰበስባል፣ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላል።

ይህ መሆኑ ተገቢ ነው እላለሁ። ከገተማ ዛፍ አበባ የመጣ ነጭ ማር የሚቆርጥ ሰው ገተማውን አይቆርጥም። በሸካ ኮቦ በሚባለው ሥርዓት የቀፎ መስቀያው ዛፍ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ባለቤት ያለው ዛፍ ደግሞ እንዲሁ በዋዛ አይወድቅም።

ከመጥረቢያው ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ገጀራው ነው። የጫካ ቡና ቀጭን፣ ረጅም፣ ፍሬውም የሳሳ ነው። ምርት እንዲጨምር ታዲያ ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ጥላው ይቀነሳል። ምርቱም በርግጥ ይጨምራል። ግን እንዲህ ባለ ቡና ሥር ገብታችሁ መሬቱን እዩት። የቡና ችግኝ ሞልቷል፤ የቀረሮ ዛፍ ችግኝ ግን ከአረሙ ጋር አብሮ ስለሚታጨድ ጉልበት ሳይደርስ ይቀራል። ቀና ስትሉ ግዙፉ ቀረሮ ቆሟል፤ ከሩቅ ለሚያየው ጫካው ሙሉ ነው። እሱ አርጅቶ ሲወድቅ ግን ተተኪ የለውም።

ጫካው ቢጠፋ ምን እንደምናጣ አንድ ነገር ላንሳ። በ1971 እ.ኤ.አ. ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ እርሻውን ሲያጠቃ፣ ተመራማሪዎች መከላከያውን የፈለጉት እነዚህ ጫካዎች ባሉበት በደቡብ ምዕራብ፣ በዚያው ቡናዎች መሀል ነው። ዛሬ ገበሬው በቁጥሩ የሚጠራው 74110 በ1974 እ.ኤ.አ. በመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከተባለች መንደር፣ ከአንዲት እናት ዛፍ የተመረጠ ነው። ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣም የምንሄደው ወደዚያው ነው።

ገበሬውን «አትመንጥር» ብሎ መሄድ ግን ግፍ ነው፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያችው ቡና ነው። ቦንጋ ዙሪያ የደን ማህበራት ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው ጫካውን እየጠበቁ ይጠቀሙበታል። ውሉ ለዛፍ ችግኞችም ቦታ ይስጥ፤ ምንጣሮ ሲደረግ የቀረሮና የዋንዛ ችግኝ ተለይቶ ይተው። በዚህ ምክንያት የሚቀንስበትን ምርት ደግሞ ዋጋው ሊያካክስለት ይገባል። እናንተም የካፋ ቡና ስትገዙ ከጫካ የተለቀመ መሆኑን ጠይቁ፤ ከሆነ በዋጋው አትከራከሩ።