ወስዶ የሚመልስ መኪና

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሰሞን በራያዋ ከተማ በቆቦም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች የሚደወልበትን ቁጥር ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ 8335 እና 952 ሌት ተቀን ይለፈፉ ነበር። ለእህልም ለከብትም ጉዳይ ብትደውሉ ያኛው ሰው ስልኩን ሳያነሳ በፊት የእጅ መታጠቡ መልእክት ይቀድማችሁ ነበር። እንዲያም ሆኖ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ባለበት ቤት ስልኩ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ቤተሰቡ "እስኪ የዛሬን እንየው" እያለ የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ይህን በየስብሰባው "የግንዛቤ እጥረት" ሲሉት ስሰማ ያመኛል። የራያ ሰው ነገሩ ገብቶታል። ገብቶት፣ አስልቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ ነው ያመነታው። ስሌቱን ቁጭ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

በሽተኛው አምቡላንስ ላይ ከወጣ ወዴት ነው የሚሄደው? በወሎ በኩል የኮቪድ ሕሙማን ይታከሙባቸው ከነበሩት አንዱ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ከቆቦ ወልድያን፣ መርሳን፣ ውጫሌን፣ ሐይቅን አልፎ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቦሩ ሜዳ ደግሞ ድሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ስለነበር በአዛውንቶቻችን ጆሮ ስሙ ከመገለል ጋር የተያያዘ ነው። አብሮት ማን ይሳፈራል? ማንም። ሲደርስ "ደርሷል፣ እህል ቀምሷል" ብሎ የሚደውል ማን ነው? አይታወቅም። ቢሞትስ? ስሌቱ ሁሉ እዚህ ሲደርስ ይቆማል።

ሌላው እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል፤ መቃብር ይቆፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ ለቀስተኛ ያበላል። ሳይመጣ የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ በላይ ግን የሚከብደው ቀብር የቀረ መባሉ ነው። ሙስሊሙ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት፣ ክርስቲያኑ ተገንዞ፣ ተፈትቶ፣ ከአባቶቹ ጎን ካላረፈ ሞቱ ራሱ ያላለቀ ነገር ይሆናል። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መሰብሰብ ተከለከለ። በኮቪድ የሞተን ሰው መላ ሰውነታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ሲቀብሩት በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ ወዲያ አምቡላንስ መጥራት ለብዙ ሰው ትርጉሙ አባትን ለማያውቁት መቃብር አሳልፎ መስጠት ሆነ። በቤቱ ቢሞት ቢያንስ ቅሬ ይቀብረዋል። ይህን የሚያስብ ሰው አላዋቂ ነው ልለው አልችልም።

ከዚህ ሌላ የሰፈሩ ዓይን አለ። ከራያ ቆላ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሚሻገረው ወጣት ብዛቱን የማያውቅ የለም። በሚያዝያ 2012 ሳዑዲ አረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ 14 ቀን ተለይተው ቆዩ። ሰፈራቸው ሲገቡም ገና ከመኪና ሳይወርዱ "እነሱ ናቸው ያመጡት" የሚል ወሬ ጠበቃቸው። ያ ወሬ ባለበት ሰፈር ነጩ ላንድክሩዘር ጡሩንባውን እያሰማ አንድ በር ላይ ሲቆም፣ ያንን ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የሚያበድረው አይኖርም። ጠላ ሻጯ ደንበኛ ታጣለች፤ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ይለያሉ።

በዚህ ላይ የቆየ ትዝታ አለ። ራያ ቆላ ወረርሽኝን ያወቀው ዛሬ አይደለም። አገሪቱ ወባን ለማጥፋት ስትነሳ የሙከራ ሥራው ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ወባ በመላ አገሪቱ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ጨረሰች። በ1977 ደግሞ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም የወጡ ሰዎች መጠለያው ውስጥ በቅማል በሚተላለፉት በተስቦና በግርሻ አለቁ። የዛሬዎቹ አያቶች ያኔ ወጣቶች ነበሩ። ብዙ ሰው አንድ አዳራሽ ገብቶ፣ ተሰልፎ ተኝቶ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል። "ማቆያ ማዕከል" ሲባል እነሱ ዓይን ላይ የሚመጣው ኮረም ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄደው ሰው ከዓመት በፊት ከነበረው በ57 በመቶ ቀንሶ ነበር። በጣሊያን ሎምባርዲ አራት አውራጃዎች በወረርሽኙ የመጀመሪያ 40 ቀናት ከሆስፒታል ውጭ በድንገት ልባቸው የቆመ ሰዎች ቁጥር በ58 በመቶ ጨምሯል። ከፊሉ በቫይረሱ በራሱ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ደረቱን እያመመው ስልክ ያላነሳ ሰው ነው። በሴራሊዮን የኢቦላ ጊዜ በአምቡላንሱ ውስጥ የሚረጨው ክሎሪን ነው የሚገድለው ተብሎ ሰው በሽተኛውን ይደብቅ ነበር። የተማረውም ያልተማረውም፣ ሀብታሙም ድሃውም መኪናው ወዴት እንደሚወስደው ሲጠራጠር ያደረገው ተመሳሳይ ነው።

እኛ ጋ የሚያንገበግበኝ ግን በአምቡላንሱ ላይ ያለው እምነት ከኮቪድ በፊት በብዙ ድካም ተገንብቶ የነበረ መሆኑ ነው። አምቡላንስ ወደ ወረዳዎች ሳይዳረስ በፊት ከዞብል ተራራ ሥር ያለች ወላድ የምትወርደው በቃሬዛ ነበር። ሁለት ረዣዥም እንጨት፣ መሀሉ በጠፍር የተወጠረ፣ ከላይ ጋቢ። አራት ወንድ ይሸከማል፤ ሌላ አራት ለመቀባበል ከጎን ይሄዳል። አንዱ ባትሪ ይዞ ይቀድማል፤ አማቷ ውሃ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ደረቅ ወንዙ ላይ ሲደርሱ አሸዋው እግር ይይዛል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጎርፉ እስኪጎድል ቆሞ መጠበቅ ነው። በኋላ መኪናው መጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡሮችን መዘገቡ፤ ቃሬዛው እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ አምቡላንሱ እስከ ጤና ጣቢያ ሆነ። የሄደችው እናት ልጇን አቅፋ ስትመለስ ሰፈሩ አየ። ሰው አምቡላንስ መጥራት የለመደው እንዲህ ነው፤ አንዷ ስትመለስ አይታ ሌላዋ ስትሄድ።

ኮቪድ ሲመጣ ያው መኪና ለወላዷም ለኮቪድ በሽተኛውም ሆነ። በ2012 ክረምት አንድ ሌሊት ከጎረቤታችን ቤት ምጥ ተይዞ ነበር። ባልየው ለመደወል አውጥቶ የያዘውን ስልክ እናቱ ከእጁ ተቀበሉት። "ትናንት ኮሮና የጫነ መኪና ላይ ልጄን አላወጣም" አሉ። እኛም ገብተን ብንለምን አልሰማ አሉ። ኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በእግሯ መጣች። ስለ ቫይረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። ራሷ የጠራችው መኪና ሲደርስ የኋላ በሩን ከፍታ መቀመጫውን በበረኪና በተነከረ ጨርቅ ወለወለች፤ እናትየውን ጠርታ አሳየች፤ ቀድማ ወጥታ ተቀመጠች። "እትዬ፣ እኔም አብሬያት ነው የምሄደው። ይዣት ካልመጣሁ ቤቴን ያውቁታል" አለቻቸው። እናትየው ዝም ብለው ቆዩና ነጠላቸውን አውልቀው ለምራታቸው ሰጡ። ስልኩንም መለሱ። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እናትም ልጅም በሰላም ገቡ።

ያቺ የጤና ሠራተኛ ያደረገችውን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ፖስተር አልለጠፈችም፤ አላስፈራራችም። ወላዷን የሚያውቃት ሰው አብሯት እንደሚሳፈርና እንደሚመልሳት ዋስ ሆነች። እኛ አገር ዋስ ሲጠራ ነገር ያልቃል፤ ለብድርም ለእርቅም ሰው ዋስ ይጠራል። ለአምቡላንስ ግን ዋስ የሚሆን ሰው ማዘጋጀት ማንም አላሰበበትም።

በዚያው ወራት ሌላ ቤት የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። መኪናው ተገኝቶ ነዳጅ የለም ተባለ፤ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ እስኪገዛ ሌሊቱ ነጋ። የነጻ ነው የተባለ ነገር ገንዘብ ሲጠየቅበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ከማንሳቱ በፊት ኪሱን ይዳብሳል። ይህንም የግንዛቤ እጥረት ልንለው ነው?

ከዚያ በኋላ የመጣብንን ታውቃላችሁ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ። ጳጉሜ 4 ቀን ሰው በየደጁ ተገደለ፤ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ስልኩም መብራቱም ለወራት ጠፋ። በ2014 ነሐሴ ደገመን። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ፣ መኪና በሌሊት መውጣት ይችል እንደሆነ ሳይታወቅ ነው የሚኖረው። ቃሬዛው ከተሰቀለበት የወረደበት ቤት ብዙ ነው። ሰው የተሸከመው ዘመዱን ቢያንስ እስከ መጨረሻው ያየዋል።

እኔ ይህን የምጽፈው ያለፈውን ለማልቀስ ብቻ አይደለም። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲረጋገጥ ቆቦ ገበያ ውስጥ ሰው ያወራ የነበረው ስለ ቫይረሱ ብቻ አልነበረም። "እኛ ጋ ቢመጣ የት ይወስዱናል?" ነበር ጥያቄው። ከስድስት ዓመት በፊት ያልተመለሰው ያው ጥያቄ ነው። ከወረዳው እስከ ክልሉ ለጤናችን የምትሠሩ ሁሉ፣ ለእሱ መልስ ሳትሰጡ ቁጥር ብታስነግሩ ቁጥሩ ይሰማል፤ ስልኩ ግን አይደወልም። ለወላዶች የሚመጣውን መኪና ከወረርሽኙ መኪና ለዩልን። መለየት ካልተቻለ እንዴት እንደሚጸዳ ቤተሰቡ በዓይኑ ይየው። በሽተኛው ሲደርስ አንድ የታወቀ ሰው ይደውል፤ ማታም ይደውል፤ ብሶበትም ከሆነ እውነቱን ይንገር። ሰው ቢሞት ከቅሬው ሁለት ሦስት ሰው የመከላከያ ልብሱን ለብሶ፣ ከሩቅም ቢሆን ቆሞ፣ ቄሱ ወይም ሼኹ ጸሎታቸውን አድርሰው ይቀበር። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

እኛም በበኩላችን የምንሠራው አለ። ቅሬ ስለ ድንኳንና ስለ ድስት ተሰብስቦ ሲመክር ይውላል። ከሚቀጥሉት ስብሰባዎች በአንዱ ላይ የአምቡላንስ ሹፌሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይጠሩ። ወረርሽኝ ቢመጣ ከሰፈሩ አብሮ የሚሳፈር ማን እንደሆነ፣ የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ፣ ነዳጅ ቢጎድል ከየት እንደሚሸፈን፣ አምቡላንስ የቆመበትን ቤት ውሃ የሚነፍግ ሰው ምን እንደሚቀጣ ተነጋግረው መዝገቡ ላይ ያስፍሩት። ቀብር የቀረን መቅጣት የሚችል ቅሬ ይህንንም መቅጣት አያቅተውም።