ሳይሮጡ ልብን መለካት፦ ሦስት ቀን በጀውሃ

ጉልበትዎ እምቢ ብሎዎት ከሩጫ ርቀዋል? እንግዲያው አንድ ማለዳ የደሴን መንገድ ይያዙ። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ሯጭ ነበርኩ፤ ሜዳሊያ የሚያመጣ ሳይሆን በየኅዳሩ የታላቁን ሩጫ ቲሸርት ለብሶ 10 ኪሎ ሜትሩን እየሳቀ የሚጨርስ ዓይነት። የምሮጠው ግን ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። አባቴ በልብ ሕመም ያረፈው በ58 ዓመቱ ነው። ምንም ምልክት አላየንበትም። ስለዚህ ሩጫውን በጨረስኩ ቁጥር በሆዴ “የእኔስ ልብ ደህና ነው” እል ነበር። ባለፈው ዓመት የጉልበቴ ሜኒስከስ ተቀደደና ሐኪሜ ሩጫ ከለከለኝ። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይህን ማረጋገጫ ማጣቴ ነው።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና መፍትሔ የፈለግሁት ከቁጥር ነው። ስማርት ሰዓት ገዛሁ። እነዚህ ሰዓቶች “ቪኦቱ ማክስ” የሚባል ቁጥር ይሰጣሉ። ቁጥሩ ሰውነታችን በከባድ እንቅስቃሴ ላይ ሳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችን፣ ቢበዛ ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ያሳያል። በላብራቶሪ የሚለካው ጭንብል ተደርጎ ነው። ሰዓቱ ግን ይገምታል፤ አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ እያበራ የልብ ምት ይቆጥራል፣ ፍጥነትዎን በጂፒኤስ ይይዛል፣ ከዚያ ሁለቱን ያመዛዝናል። በዚያው ፍጥነት እየሄዱ ልብዎ ከቀድሞው ያነሰ ከመታ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለዚህ የግድ መሮጥ አያስፈልግም፤ ጠንከር ያለ እርምጃ ይበቃል።

ችግሩ የእኔ ሰፈር ዳገትና ቁልቁለት መሆኑ ነው። ለምሳሌ አፕል ዎች ግምቱን ለመስጠት ዳገቱ ከ5 በመቶ ያልበለጠ ሜዳማ መንገድና ከዕረፍት ጊዜው በደንብ ከፍ ያለ የልብ ምት ይፈልጋል። ሜዳ ሲባል ወዲያው ትዝ ያለኝ የአባቴ አገር ጀውሃ ነው።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሹራብ ይለብሳሉ። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለውን፣ ጣሊያን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ ሲያልፉ መንገዱ ወደ ታች ይጠመዘዛል፤ ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ሲናን አልፈው 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ሹራቡ ወልቆ መስኮቱ ተከፍቷል። ከዚያ ወደ አጣዬ አቅጣጫ ጥቂት ሲጓዙ ጀውሃ ናት፤ በስሟ የሚጠራው ወንዝ ወደ አዋሽ የሚወርድባት፣ ማሽላና ማሾ የሚበቅልባት የይፋት ቆላ።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከአጎቴ ጋር በማሳው ዳር ወጣን። 1.6 ኪሎ ሜትር በተቻለኝ ፍጥነት ተራመድኩ። ይህ መሮጥ ለማይችሉ ሰዎች የታወቀ የእርምጃ መለኪያ ነው፤ የፈጀው ጊዜና መጨረሻ ላይ ያለው የልብ ምት ይያዛል። 17 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ምቴ 138 ነበር። ቆሜ አንድ ደቂቃ ስጠብቅ 112 ደረሰ። ልብ ቶሎ ሲረጋጋ ጥሩ ነው። ሰዓቱም በመጨረሻ ቁጥር ሰጠኝ፦ 33።

በሁለተኛው ቀን ዘግይቼ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ወጣሁ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ምቴ በ14 ጨመረ፤ ቁጥሩም ወረደ። ልቤ በአንድ ቀን አልደከመም። በሙቀት ጊዜ ልብ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ተጨማሪ ይሠራል። ከፍታም እንዲሁ ያዛባል፤ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የዚያን ቁጥር ከጀውሃው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

አጎቴ 67 ዓመታቸው ነው። “እስቲ የእኔንም ልብ ይይልኝ” አሉና በሦስተኛው ቀን ሰዓቱን አሰርኩላቸው። የእኔን ዕድሜና ክብደት ስለያዘ የልብ ምታቸውን ብቻ ተመለከትኩ። እኔን ኋላ ጥለውኝ ሄዱ፤ ሲቆሙ 118 የነበረው በአንድ ደቂቃ 90 ሆነ። ኮራንባቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው፣

“ታዲያ ለምን የደም ግፊት ኪኒን ይሰጡኛል? ሁለት ወር ሆነኝ ከተውኩት፤ ምንም አላመመኝም” አሉ።

አባቴም ምንም አላመመውም ነበር። ያን ዕለት ሸዋ ሮቢት ወርደን ተለኩ፤ 170 በ100። ሐኪሙ መርምረው መድኃኒቱን አስጀመሯቸው። ሰዓቱ ያላየውን ግፊት ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ አየው።

ስለዚህ እርስዎም መሮጥ ካልቻሉ አንድ ሜዳማ መንገድና አንድ ሰዓት ይምረጡ፤ ሁልጊዜ እዚያው ይለኩ። ቁጥርዎን ከጎረቤት ሳይሆን ከራስዎ ያለፈ ወር ጋር ያነጻጽሩ። ቤታ ብሎከር የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የልብ ምትን ስለሚቀንስ ግምቱ ሊሳሳት ይችላል፤ ሐኪምዎን ያማክሩ። ሲራመዱ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ሰዓቱን ትተው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ወደ ይፋት ሲወርዱ አስቀድመው ደውለው የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ። የወባ አገር ነውና አጎበር አይርሱ። ጉዞዎ እሑድን ካካተተ ከጀውሃ አለፍ ብሎ ያለውን የሰንበቴ ገበያ ይዩ፤ ሳይታወቅዎት ብዙ ይራመዳሉ።

እኔ አሁን ቅዳሜ ማለዳ ጃን ሜዳ እራመዳለሁ። እሑድ ማታ ደግሞ አጎቴ ጋር እደውላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ኪኒኑ ነው፤ እሳቸው የሚጠይቁኝ ስለ ጉልበቴ።