ከዛፖሪዢያ የመጡ ልጆች

በ1985 ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አንዱ ነበርኩ (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የደረሰኝ ካርኪቭ ነው፤ ያኔ በሩስያኛው ካርኮቭ እንለው ነበር። መጀመሪያ «ፖድፋክ» በምንለው መሰናዶ አንድ ዓመት ቋንቋ ተማርን፤ ከዚያ በየትምህርት ክፍላችን ተከፋፈልን። በረዶው የገባ ሰሞን የማደሪያችን ተረኛ ጠባቂ የነበሩ አሮጊት የሱፍ ካልሲ ሠርተው፣ ምንም ሳይናገሩ ብርድ ልብሴ ላይ አኑረውልኝ ሄዱ። ከእናቴ ጉያ ገና የወጣሁ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ዩክሬን ለእኔ የሰው አገር ሆና አታውቅም።

ኋላ ኑሮዬ አሜሪካ ሆነ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎጆ ወጣን፤ ልጆች ወለድን፤ ልጆቹም አድገው በየፊናቸው ሄዱ። በ2021 ሰመር ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከዩክሬን የመጡ ልጆች ቤቷ ተቀብላ አየሁና ነገሩን አጠያየቅሁ።

«ኢንተርናት» በሚባሉት የዩክሬን ማሳደጊያዎች የሚኖሩ ልጆች በሰመርና በገና ሰሞን መጥተው ለጥቂት ሳምንታት ከአሜሪካ ቤተሰብ ጋር ይቆዩ ነበር። የአውሮፕላኑን ትኬት፣ ኢንሹራንሱን፣ ልብሱን፣ ብዙ ጊዜም የጥርስና የዓይን ሕክምናውን የሚችለው ተቀባዩ ቤተሰብ ነበር። ከደንቦቹ ሁሉ የጠበቀው ለልጁ ስለ ጉዲፈቻ አንዲት ቃል እንዳይነገረው የሚከለክለው ነበር። ልጁ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይመለሳል። ቤተሰቡ ጉዲፈቻ ካሰበ፣ ልጁ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በሕጉ በር ይጠይቃል።

ከ2022ቱ የሩስያ ወረራ በፊት በእነዚያ ማሳደጊያዎች ወደ 100,000 የሚጠጉ ልጆች ይኖሩ ነበር። አብዛኞቹ ወላጅ አላቸው። ከቤት ያወጣቸው ድህነት፣ መጠጥ፣ የወላጅ ሕመም ወይም የራሳቸው የአካል ጉዳት ነው። ለጉዲፈቻ የሚበቁት በዋናነት ወላጆቻቸው የሞቱባቸው፣ ወይም ፍርድ ቤት የወላጅነት መብት የነሣባቸው ልጆች ናቸው። እኛ የተቀበልናቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅና የአሥራ አንድ ዓመት እኅቱ ከሁለተኞቹ ወገን ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ታሪኩ የራሳቸው ነው።

በዲሴምበር 2021 ዱለስ አየር ማረፊያ ስንደርስ ከአጃቢዎቻቸው ጋር ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ልጁ የእኅቱን እጅ ይዟል። ጎንበስ ብዬ በሩስያኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ! መንገዱ አደከማችሁ?» አልኳቸው። ልጁ ዓይኑን ከእኔ ወደ አጃቢዋ፣ ከአጃቢዋ ወደ እኔ አመላለሰ።

«ሩስያኛ የት ተማሩ?» አለኝ።

«ካርኪቭ።»

ጥቂት አሰብ አደረገና «እኛ የዛፖሪዢያ ልጆች ነን፤ ቅርብ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ «ዲያድያ» ማለትም አጎቴ እያለ ነው የሚጠራኝ።

በማግስቱ ሌሊት የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ሲፈስ ሰምቼ ተነሣሁ። ልጁ ሲንኩ ላይ አጎንብሶ የእኅቱን ካልሲ በእጅ ሳሙና ያጥባል። አጠበ፣ ጨመቀ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ደግሞ ጨመቀ፣ ከዚያ የሻወሩ ብረት ላይ አሰጣው። ጠዋት ባለቤቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አሳየችው። አመሰገነ፤ ማታ ግን እንደገና በእጁ አጠበ። በኋላ ሲነግረኝ፣ ማሳደጊያው ውስጥ ወደ ጋራ እጥበት የገባ ካልሲ ለሌላ ልጅ ሆኖ ነው የሚወጣው። የእኅቱ እግር ብርድ እንዳይመታው ኃላፊው እሱ ነው።

እኛም አልተጫንነውም። ገና ሊደርስ ሲል አንድ ምሽት ካልሲውን ይዞ ወደ ቤዝመንት ወረደ፤ ማሽኑ ውስጥ ጨመረው፤ እስኪያልቅ ድረስም ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ባለቤቴ ልብስ ልታጥፍ ወርዳ ነበርና አጠገቡ ተቀመጠች። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ማሽኑ ሲቆም ከፈተው፤ ጥንዱ ካልሲ እዚያው አለ። አውጥቶ አሳያት፤ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። የልጁን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዩክሬናውያን ኦርቶዶክሶች ያኔ ገናን የሚያከብሩት እንደ እኛው ጃንዋሪ 7 ነበር፤ መንግሥታቸው በዓሉን ወደ ዲሴምበር 25 ያዞረው በ2023 ነው። ዋዜማውን እነሱ ይጾማሉ፤ እኛም ገሃድ ነው። ባለቤቴ ሽሮና ጎመን ስትሠራ ልጅቱ «ኩትያ» እንሥራ አለች። የተቀቀለ ስንዴ ነው፤ ማርና ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ይገባበታል። ባለቤቴ ቀመሰችና «ማር የገባበት ንፍሮ ነው እኮ!» አለች። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ወሰድናቸው። ነጠላ ለብሰው፣ ጧፍ ይዘው ቆሙ። ልጅቱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ እያማተብን አነጋን።

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ያገርህ ልጅ ወላጅ አጥቶ እያለ ከዚያ ሁሉ አገር ታመጣለህ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። የመለስኩላቸውን እዚህም ልጻፈው። ኢትዮጵያ በ2010 ብቻ ወደ አሜሪካ ከ2,000 የሚበልጡ ልጆች በጉዲፈቻ ልካለች። ወላጅ እያላቸው የለም ተብሎ የተላኩ እንደነበሩ ኋላ ታወቀ። በ2011 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጣች አንዲት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ቤት በብርድና በረኀብ ተጎድታ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ በ2013 ተፈረደባቸው። በጃንዋሪ 2018 የኢትዮጵያ ፓርላማ የውጭ ዜጎችን ጉዲፈቻ ከለከለ። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ሕጉን አከብራለሁ። እኚያ እናት ሰምተው ሲያበቁ የልጅቱን ራስ ዳበስ አድርገው «እንግዲህ የመጣ ሁሉ የእግዜር እንግዳ ነው» አሉ።

ልጆቹ በጃንዋሪ አጋማሽ ተመለሱ። ባለቤቴና እኔ የወሰንነው ከመሄዳቸው በፊት ነበር፤ ለልጆቹ ግን ትንፍሽ አላልንም። ወዲያው ዶሴ ማደራጀት ጀመርን፤ የጋብቻና የገቢ ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፖሊስ ማጣሪያ፣ ሶሻል ወርከር ቤት ድረስ መጥታ የምታደርገው ጥናት፣ የኢሚግሬሽን አሻራ። እያንዳንዱ ወረቀት ኖተራይዝ ይደረጋል፣ አፖስቲል ይመታበታል፣ ወደ ዩክሬንኛ ይተረጎማል። የዩክሬን ሕግ ከውጭ አገር ሰው የሚቀበለው ባልና ሚስትን ብቻ ነው፤ ወንድምና እኅትን መለያየት አይወድም፤ የልጁን ፈቃድ ይጠይቃል። የአሜሪካው ሕግ ደግሞ ማመልከቻው ሲገባ ልጁ 16 ዓመት ያልሞላው እንዲሆን ያዛል፤ ታናሹ አብሮ ከመጣ ለታላቁ እስከ 18 ይፈቅዳል። ልጁ እኅቱን ሲጠብቅ ኖሮ፣ በወረቀቱ ላይ የእሱን መንገድ የምትከፍተው እሷ ነበረች።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጦርነቱ ገባ። ልጁ በቫይበር «ምድር ቤት ነን። እሷ ተኝታለች» ብሎ ጻፈልኝ። ካርኪቭ ስትደበደብ በቴሌቪዥን እያየሁ፣ የዛፖሪዢያን መልእክት በስልክ እጠብቃለሁ። ማሳደጊያው ልጆቹን በባቡር ወደ ልቪቭ፣ ከዚያም ወደ ፖላንድ አሻገራቸው። ድንበር ማለፋቸውን የነገረችን ልጅቱ ናት፤ የሾርባ ፎቶግራፍ ላከችልን።

ብዙም ሳይቆይ የዩክሬን መንግሥት በጦርነቱ ሁኔታ የውጭ ጉዲፈቻ እንደማይቻል አስታወቀ። አሜሪካ ለዩክሬናውያን የከፈተችው ጊዜያዊ መግቢያም ከወላጅ ወይም ከሕጋዊ ሞግዚት ጋር ላልሆኑ ልጆች አልሆነም። በእኛ ሁኔታ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነው አልኩ፤ ዛሬም እላለሁ። በጦርነት መካከል ወላጁ የጠፋበት ልጅና ወላጅ የሌለው ልጅ አይለዩም። ሄይቲ ውስጥ በ2010 ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ አሥር አሜሪካውያን 33 ልጆችን ያለ ፈቃድ ድንበር ሊያሻግሩ ሲሉ ተይዘዋል፤ ከልጆቹ አብዛኞቹ በሕይወት ያሉ ወላጆች ነበሯቸው። በዩክሬንም ከተያዙት አካባቢዎች ልጆች ወደ ሩስያ እየተወሰዱ ለሩስያ ቤተሰቦች ተሰጥተዋል፤ በማርች 2023 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በፑቲን ላይ የእስር ማዘዣ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆቿ እንዲህ ለሚወሰዱባት አገር መዝገብ መዝጋት መብቷ ነው።

ጦርነቱ በገባበት ዓመት ሰመር ላይ በማሳደጊያው ፈቃድ ፖላንድ ሄደን አየናቸው። ልጅቱ ቁመቷ ጨምሯል። ገበታ ላይ ተቀምጠን ሳለ «መቼ ነው የምትወስዱን?» አለች። ከእኛ የሰማችው ነገር አልነበረም፤ ልጆች ግን ያውቃሉ። ወንድሟ ሹካውን አስቀምጦ አየኝ። በእጄ የሌለውን አልነገርኳትም። «መንግሥታችሁ ነው የሚወስነው፤ መቼ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እሑድ እሑድ እንደውላለን፤ ይሄን የምወስነው እኔ ነኝ» አልኳት። ተናደደች፤ ተነሥታም ወጣች። ልጁ ሊከተላት ሲነሣ «ዲያድያ፣ እንዲህ ይሻላል» አለኝ።

በ2023 መጨረሻ በምዕራብ ዩክሬን የሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለቱንም ተቀበሏቸው። ቤታቸው በአገሪቱ ሕግ «የቤተሰብ ዓይነት የሕፃናት ቤት» ይባላል፤ አንድ ባልና ሚስት በመንግሥት ድጎማ በርከት ያሉ ልጆችን እንደ ልጆቻቸው የሚያሳድጉበት ነው። ልጆቹ ተጠይቀው እሺ ብለዋል። እኛም ዶሴያችንን ዘጋን። ልጁ ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ የብየዳ ሙያ ይማራል። እሑድ ስንደውል አንዳንዴ ስልኩን የምታነሣው ያቺ እናት ናት። ስለ ልጅቱ ትምህርት፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ አመሏ ታማክረኛለች፤ በእኔ አሮጌ ሩስያኛና በእሷ ዩክሬንኛ እንግባባለን። ልጆቹ ቤተሰብ አግኝተዋል። ቤተሰቡ እኛ ባንሆንም የፈለግነው ሆኗል።

ልጅ ከውጭ ተቀብላችሁ ለማስተናገድ፣ አልፎም ለማሳደግ ለምታስቡ ወገኖቼ የምለው አለኝ። የልጁን አገር ሕግ ከልጁ ስም በፊት አጥኑት። ልጁ ወላጅ እንዳለው ጠይቁ፤ ካለው ገንዘባችሁ ልጁን ከወላጁ ጋር ለማቆየት ይዋል። በምትኖሩበት አገርም ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ በአሜሪካ በሴፕቴምበር 2021 መጨረሻ ወደ 390,000 የሚጠጉ ልጆች በፎስተር ኬር ይኖሩ ነበር፤ የእኛ ማኅበረሰብ በር ለእነሱም መከፈት አለበት። ለልጅ ከፍርድ ቤት በፊት «ልጄ ትሆናለህ» አትበሉ። የምትችሉትን ብቻ ቃል ግቡ፤ የገባችሁትንም ልጁ ቤታችሁ ቢመጣም ባይመጣም ፈጽሙ።