የክሱ ግምት

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጉዳያቸውን የያዝኩላቸው የእትዬ ክስ ዛሬም አልተከፈተም። የሚጠይቁት ከአባታቸው ቤት ሩብ ድርሻቸውን ነው። ወራሾቹ አራት ናቸው፤ ቤቱን የያዙት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ግምቱን 2 ሚሊዮን ብር ብዬ ነበር የጻፍኩት። መዝገብ ቤት ግን «ክርክሩ በቤቱ ላይ ስለሆነ ዳኝነት የሚከፈለው በሙሉ ዋጋው ነው» ተባልን። ክፍያው በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 177/1945 መሠረት ከግምቱ ጋር ይጨምራል፤ የእትዬ ጡረታ ደግሞ ለወር አስቤዛ አይበቃም። ያልጠየቁት ሦስት አራተኛ ላይ ለምን ይከፍላሉ?

ዳኝነት ሳይከፍሉ በደሃ ደንብ እንዲከፍቱ ነገርኳቸው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። «የአባቴን ቤት ልካፈል መጥቼ ደሃ ነኝ ብዬ ልማል? አይሆንም ልጄ» አሉኝ። አልተጫንኳቸውም። ድህነትን ማስረዳት ራሱ ሌላ ክርክር ነው፤ ወንድማቸውም ዝም አይሉም። ለዳኛ አቤት እንላለን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

ዳኛው በድርሻቸው ልክ ከፍለው እንዲከፍቱ ስለፈቀዱ መዝገቡ ተከፍቷል። ዛሬ የወንድማቸው መልስ ደረሰኝ። ቤቱ 14 ሚሊዮን ያወጣል ይላል፤ ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ስለሆነም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ጉዳዩ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው፣ ከሳሽም የጎደለውን ዳኝነት ይክፈሉ። እኚሁ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ቤቱ አርጅቷል፣ ከ3 ሚሊዮን አያልፍም ብለው የእህታቸውን ድርሻ ሊገዙ ነበር! ሲገዙ የረከሰው ሲከሰሱ ተወደደ። ይህ እህትን ከችሎት በር ለመመለስ የቀረበ መቃወሚያ እንጂ የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ በጣም አናዶኛል።

እርግጥ ቁጥሩ የሚዋዥቅበት ምክንያት አለ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሐንዲስ የሚገምተው ግንባታውን ነው፤ ገዢ የሚከፍለው ግን ለቦታው ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ሁለት ዋጋ ይኖረዋል፤ ተከራካሪም የሚጠቅመውን ይመርጣል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ብይን ተሰጠ። የክሱ ግምት የተጠየቀው ድርሻ ብቻ ነው ተባለ። በወንድማቸው አኃዝ እንኳ ሩቡ 3.5 ሚሊዮን ስለሆነ ጉዳዩ እዚሁ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀጥላል። መሐንዲስ ግንባታውን ለክቶ እንዲገምት ታዘዘ፤ ልዩነት ከተገኘ እትዬ ይጨምራሉ፤ ከረቱ በወጪና ኪሳራ ይጠይቁታል። ቀጠሮው ለግንቦት 15 ነው። እስከዚያ ወንድማቸው ለመሐንዲሱ በር እንዲከፍቱ የተሰጠውን ትእዛዝ ነገ ወጪ አድርጌ አደርሳለሁ።