ጠይቆ ማወቅ አያሳፍርም

በአግድምና በቁልቁል የሚሞላውን የቃል እንቆቅልሽ በ1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ መጀመሪያ ያወጣው አርተር ዊን የተባለ ሰው ነበረ። በአማርኛ ሲሆን በእያንዳንዱ ቤት አንድ ፊደል ይገባል።

በአገው ምድር በጥሊሊ የሚኖር አንድ ተማሪ ቅዳሜ ማታ እንዲህ ያለውን እንቆቅልሽ ይሞላ ጀመር። በአግድም «ሞፈርን ከቀንበር ጋር የሚያስር ጠፍር» የሚል አገኘና፥ ቤቱ ሦስት ስለ ነበረ «ገመድ» ብሎ ጻፈ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቤት ቁልቁል የሚወርደው «ፀሐይ የምትወጣበት» የሚል ነበረ፤ «ምሥራቅ» ብሎ እንዳይጽፍ «ገ» ከለከለችው። አንድ ስሕተት ጎረቤቱን አበላሸ።

አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ ማንበብም አያውቁም። ልጁም «ፊደል ያልቈጠረ ምን ይነግረኛል?» ብሎ በልቡ ናቃቸው፤ እሑድ እስኪመሽም ብቻውን ደከመ። በመጨረሻም አፍሮ ጠየቃቸው።

እርሳቸውም ወዲያው «ምራን ነዋ፥ ልጄ» አሉት። ቃሎቹም ሁሉ በየቤታቸው ገቡ። ምራኑም እስከዚያ ድረስ ከራሱ በላይ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ፊደል መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ሁሉ በመጽሐፍ አልተጻፈም። የማታውቁትን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ።