እግርን መሬት አለማስነካት

ባለፈው ክረምት የ9 ዓመት ሴት ልጃችን በወንድሟ ቢስክሌት መንዳት እንድትማር ፈቃድ ብትጠይቀን፥ «ይህ ለሴት ልጅ አይሆንም» ብለን ከለከልናት። «ስለ ምን?» ባለችን ጊዜ ግን የምንመልሰው ቃል አጣን። በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በቢስክሌት የሚጫወቱት ወንዶች ብቻ ስለ ነበሩ፥ ልማዱን እንደ ሕግ ቈጥረን ኖረናል። ይህን አሳባችንን ያናወጠው የላያ ሳንስ ታሪክ ነውና፥ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጸው ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ላያ ሳንስ በ1985 ዓ.ም. በእስፓንያ፥ በባርሴሎና አውራጃ ተወለደች። ሞተር ቢስክሌት መንዳት የጀመረችው ገና ሕፃን ሳለች ነው። ያደገችበት ውድድር ትሪያል ይባላል። በዚህ ውድድር ተወዳዳሪው በቋጥኝና በግንድ ላይ፥ በወንዝና በገደላ ገደል ውስጥ ያልፋል። ዳኞቹ የሚመለከቱት ፍጥነቱን አይደለም። እግሩን መሬት ሲያስነካ የቅጣት ነጥብ ይቈጠርበታል፤ ቢወድቅ 5 ነጥብ ይያዝበታል፤ አሸናፊውም ቅጣቱ ያነሰው ነው። ስለዚህ ሚዛን መጠበቅና መታገሥ ከጕልበት ይበልጣሉ። ላያ በ2000 ዓ.ም. በ14 ዓመቷ በዚህ ውድድር የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2007 ዓ.ም. ብትሸነፍም በዓመቱ ማዕረጓን አስመለሰች፤ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስም በጠቅላላው 13 ጊዜ አሸነፈች።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ዳካር ወደሚባለው ታላቅ ውድድር ገባች። ውድድሩ ቀድሞ ከፓሪስ ተነሥቶ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ይፈጸም ስለ ነበር ስሙን ከዚያ አገኘ፤ በዚያን ዘመን ግን በደቡብ አሜሪካ ይደረግ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሳምንት ያህል አሸዋና ድንጋይ፥ ብርድና ሐሩር እያቋረጡ ይጓዛሉ፤ ለሴቶችም የተለየ መንገድ የለም። ላያ በመጀመሪያው ዓመት 39ኛ ሆና ጨረሰች። በ2013 ዓ.ም. ወደ 93ኛ ወረደች፤ በሚቀጥለው ዓመት 16ኛ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. በአርጀንቲና፥ በቺሌና በቦሊቪያ በተደረገው ውድድር 9ኛ ወጥታ፥ በሞተር ቢስክሌት ከእርሷ በፊት ማንም ሴት ያልደረሰችበትን ደረጃ ያዘች። እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ 11 ጊዜ በሞተር ቢስክሌት ተነሥታ 11ዱንም ጊዜ ከፍጻሜው ደረሰች። ከዚያ በኋላ ወደ መኪና ውድድር ተሻገረች።

ብዙ ሰዎች 9ኛነቷን ያደንቃሉ። እኛን ይበልጥ የነካን ግን 93ኛነቷ ነው። በ9ኛነት ደስ ብሎት የሚጨርስ ብዙ ነው፤ በ93ኛነት ግን ክብሬ ተነካ ሳይል እስከ መጨረሻው የሚሄድ፥ በዓመቱም ተመልሶ የሚሰለፍ ጥቂት ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ በእርሷ ሲፈጸም አየን። ይህንም ያስተማራት፥ በልጅነቷ «አይሆንም» ያልተባለችበት ያ ዝግተኛ ውድድር እንደ ሆነ እናምናለን።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ቢስክሌቱን አውጥተን፥ ኮርቻውን ከኋላ ይዘን ከልጃችን ጋር በግቢያችን ሮጥን። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ጕልበቷም ተላጠ። እናቷ ከደጃፉ ቆማ ስታይ ምንም አልተናገረችም። በሦስተኛው ጊዜ «አባባ፥ ይልቀቁኝ!» አለችን። ለቀቅናት፤ እጃችን ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።