ወንበሩን ከመግፋታችን በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምናስበው መፃጉዕ በደዌ ተይዞ 38 ዓመት ኖረ፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰውም አልነበረውም። ጌታችን ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን፣ አስቀድሞ መዳን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ተሽከርካሪ ወንበር የምንገፋ ሁሉ ከዚህ እንማር፤ መያዣውን ከመጨበጣችን በፊት «ልግፋዎት?» እንበል። ሳይጠየቁ መገፋት እንደ ዕቃ መቆጠር ነውና።

ከተማችን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ከላይ ሲቀላ ከታች ያሉባት፣ ቁልቁለት የሚበዛባት ናት። ምእመናንን ወደ ቅዳሴ ሳደርስ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ሰው ሲቀመጥና ሲነሣ የሁለቱንም መንኰራኵሮች ፍሬን እይዛለሁ፤ ከመንቀሳቀሴ በፊት እግሮቹ በመርገጫው ላይ ማረፋቸውን አያለሁ። ቁልቁለቱ ሲበረታ ወንበሩን አዙሬ፣ ወደ ኋላዬ እየተመለከትሁ፣ የኋሊት በዝግታ እወርዳለሁ፤ ያን ጊዜ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት አይንሸራተትም፤ ክብደቱንም በሰውነቴ እደግፋለሁ። ደረጃ ሲያጋጥመኝ ብቻዬን አልሞክርም፤ ረዳት እጠራለሁ። ከመዞሬም ከመቆሜም በፊት እናገራለሁ፤ ጀርባው ወደ እኔ ስለ ሆነ አያየኝምና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በየአጥቢያችን ሰው አጥተው ከቅዳሴ የሚቀሩ አሉ። በመጪው ሰንበት እያንዳንዳችን ለአንዱ ሰው እንሁንለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።